ጥላው ወደ ምሥራቅ

የልሳነወርቅ ደባልቄ ፊት ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው። በዚያ ቀን ከደረሱኝ አርባ አንድ ፊቶች አሥራ ሰባተኛው ነበር። ከሱ በፊት ጥርስ ያስተከለች የመልካ ጀብዱ ሴትዮ ነበረች፤ ከሱ በኋላ ደግሞ ጢሙን የላጨ የባቡር ሠራተኛ። ሁለቱንም ለቅጽበት አይቼ አሳልፌያቸዋለሁ።

የድሬዳዋ ምስል ማጥሪያ ቢሮ ውስጥ አጥሪ ነኝ። ሥራው ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ፎቶ ይነሣል፤ የከተማው የፊት መዝገብም የዛሬውን ፊት ከትናንቱ ጋር ያስተያያል። ያበጠ፣ የተቃጠለ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ፊት ሲገጥመው ይጠራጠርና ወደኛ ይልከዋል። እኛ ሁለት ቁልፍ አለን፤ «ጥርት» እና «ይቆይ»። ጥርት የተባለ ሰው ቀኑን ይውላል፤ አውቶቡሱም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም ይከፈትለታል። ይቆይ የተባለ ሰው እንደገና ፎቶ ተነሥቶ እስኪያልፍ ድረስ ከራሱ ቤትና ከፎቶ ሳጥን ሌላ የሚከፈትለት በር የለም። ሦስት ጊዜ ይቆይ የተባለ ምስሉ ይሠረዛል። ስለዚህ በከተማችን «እንደምን አደርሽ» ቀርቶ «ጥርት ያድርግሽ» ነው የምንባባለው፤ መልሱም «አንቺንም» ነው።

በሥራ ሰነዶቻችን ላይ ማንንም ሰው አንቱ ማለት ግዴታ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ለቢሮው አይደለም፤ ስለዚህ ልሳነወርቅን አንቱ አልለውም።

እሱ መሆኑን ለማወቅ ስሙን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ፊቱን ከመዝገቡ ላይ ካወቅኩት ዓመታት አልፈዋል። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ስትሮክ መትቶት ሐኪም ቤት ከርሟል፤ ግራ ፊቱ ወርዷል፤ ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል፣ የከንፈሩ ጫፍ ወደ አገጩ ተንሸራቷል። መዝገቡ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሌላ አጥሪ ቢሆን የሐኪሙን ወረቀት አገናዝቦ በሁለት ሰከንድ ጥርት ይለው ነበር። እኔ እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣሁና ወንበሬን ተደገፍኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ።

በሁለት ሺህ ሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ከለገሀር ጀርባ የነበረው ትልቁ መጋዘን ተቃጠለ። ሰዎች ሞቱ። ባለቤቶቹ የተበላሸ የኤሌክትሪክ መስመር ሳያስጠግኑ ኖረዋል እየተባለ ሲወራ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን አባቴ ጀሪካን ይዞ ወደ መጋዘኑ ሲገባ የሚያሳይ ፊልም ወጣ። አባቴ ጉግሳ ይባላል፤ ከዚራ ላይ «ፎቶ ጉግሳ» የሚባል ፎቶ ቤት ነበረው፤ በከተማው በጥቅል ፊልም የሚያነሣ የመጨረሻው ሰው ነበር። ያ ፊልም ተነሣ በተባለበት ሰዓት እሱና እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ እናጥብ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ። እውቀቴ ግን ማኅተም አልነበረውም፤ ፊልሙ ነበረው። የሰው ምስክር ከፍርድ ቤት ከቀረ ቆይቷል። ሰው ይረሳል፣ ይዋሻል፣ ይፈራል ተብሎ ነው የቀረው።

በፊልሙ ውስጥ ሰዓቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ናት። የአባቴ ጥላም የወደቀው ወደ ምሥራቅ ነው። ፎቶ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማየት ዓይኑን ማሸት አያስፈልገውም። በፊልሙ መጨረሻ፣ እንደ ደንቡ፣ የአቀናባሪው ስም ወጣ፤ ልሳነወርቅ ደባልቄ ይላል።

ፍርዱ እስር አልነበረም፤ ምስሉ ይሠረዝ ተባለ። ሰዎች መጥተው አልበማችንን ወሰዱና አርመው መለሱልን። መዝገቡ ሰው ሲያወጣ ባዶ ቦታ አይተውም፤ ለዓይን ደስ የሚል ነገር ይተካበታል። እናቴ በሠርጓ ቀን የዘንባባ ዛፍ አግብታለች። እኔን አንደኛ ክፍል የገባሁ ቀን እጄን ይዞ ያደረሰኝ የአበባ ማስቀመጫ ነው።

አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ኖረ። በሩ የእናቴን ፊት አይቶ እየተከፈተለት ይገባል፣ በእናቴ ፊት ይወጣል። ትርፍ አንጀቱ ሲነሣበትም እሷው ናት ሐኪም ቤት ያስገባችው። ማከሚያው አልጋ ላይ አስተኙት። አልጋው «ባዶ ነኝ» አለ። አልጋ ባዶ ነኝ ካለ መሣሪያው አይንቀሳቀስም፤ መድኃኒቱም አይለቅም። ሐኪሞቹ ደጋግመው ሞከሩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ለቅሶው ላይ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ መያዙ ወግ ነውና እናቴ በሁለት እጇ ባዶ ክፈፍ ይዛ አለቀሰች። ለቀስተኛው ወዴት እንደሚያይ ጠፍቶት መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቆይ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩና ምክንያት በሚለው ቦታ «ብርሃን ያንሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። ውሸትም አልነበረም፤ በወረደው ዓይኑ ሥር ትንሽ ጨልሟል። ደስ አለኝ። ምሳዬን ሳላስተርፍ በላሁ።

አንዴ ይቆይ ያለ አጥሪ ፋይሉን እስከ መጨረሻው ይይዛል፤ የሰውየውን የበር ዝርዝር ማየትም ይፈቀድለታል። በየቀኑ ሻይ ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ። ረቡዕ፣ ከዚራ ዳቦ ቤት፣ አልተከፈተም። ረቡዕ፣ አውቶቡስ ቁጥር ስድስት፣ አልተከፈተም። ሐሙስ፣ ሳቢያን፣ የልጁ ቤት፣ አልተከፈተም፤ እሷ ከሥራ ተመልሳ እስክትከፍትለት ሦስት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ዓርብ፣ ሐኪም ቤት፣ አልተከፈተም። ደሙ እንዳይረጋ የሚወጋውን መርፌ የሚወስደው ማክሰኞና ዓርብ መሆኑን ፋይሉ ላይ አንብቤያለሁ። አንብቤም ሻዬን ጠጣሁ። ጎረቤት ዳቦ እንዳያቀብለው የሚከለክል ሕግ የለም፤ ብቻ ይቆይ የተባለ ሰው ደጃፍ ላይ ደጋግሞ የታየ ፊት ራሱ ይጠረጠራል፤ ጎረቤቶቹም ይህን ያውቃሉ።

ቅዳሜ ሁለተኛው ፎቶው መጣ። መንገድ ዳር ባለ የፎቶ ሳጥን ውስጥ ነው የተነሣው። የድሮ ባለሙያ አይደል፣ የሳጥኑን በር ገርበብ አድርጎ የውጪውን ብርሃን አስገብቷል፤ ከዓይኑ ሥር የነበረው ጨለማ ጠፍቷል። ተላጭቷል፣ ከረባት አስሯል። የወረደውን ጎኑን ለመሸሸግ ግን ትንሽ ዞር ብሎ ተቀምጧል፤ ግራ ጆሮው ከፍሬም ወጥቷል። ጆሮ የጎደለው ፊት ይቆይ ይባላል፤ ደንብ ነው። በደንብ የሚሠራ በቀል እንዴት እንደሚጣፍጥ ለማንም መንገር አልችልም።

አለቃዬ ወይዘሮ ረምላ ሁለተኛውን ይቆይ አይታ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስይዝ አይታኝ አታውቅም። ሰውየው ምን አድርጎሽ ነው ብላ ቀለደች። ጆሮውን አሳየኋት። ፎቶውን ትንሽ አየችው፣ እኔንም አየችኝና ሦስተኛው በአካል እንደሆነ አስታወሰችኝ። ከመሠረዙ በፊት ማንም ሰው አጥሪው ፊት ቀርቦ በአጥሪው እጅ ፎቶ የመነሣት መብት አለው። ብዙ ሰው አይጠቀምበትም፤ ሁለተኛውን ይቆይ ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቤቱ አይወጣም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ግን በዚያ ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልኩ፤ እንዲመጣ ተሳልኩ።

መጣ። ማክሰኞ ከሰዓት፣ በልጁ ተደግፎ እስከ መግቢያው ደረሰ፤ ልጁ ውጪ ቀረች። ወደ ፎቶ ክፍሉ ይዤው ገባሁ። ከዘራው መሬቱን ሲነካ ድምፅ አልነበረውም፤ ክብደቱን የሚጥልበት ኃይል እንኳ አልቀረውም። ሁለት መርፌ አምልጦታል። በርጩማው ላይ አስቀመጥኩትና ስሙን፣ ዕድሜውን ጠየቅኩት። እርስዎ እያልኩ ነው የጠየቅኩት፤ ክፍሉ ይቀዳል።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት መብራት አለ፤ አንዱ ከአንሺው ግራ፣ አንዱ ከአንሺው ቀኝ። ሁለቱ እኩል ሲበሩ ፊት ላይ ጥላ አይኖርም። በዛሬ ምስሎች ውስጥ ጥላ የለም፤ መዝገቡን ስለሚያጠራጥር ከተከለከለ አሥር ዓመት ሆኖታል። አሁን ያሉት ልጆች ጥላ የሚባለው ነገር ፎቶ ውስጥ እንደነበረም አያውቁም። እኔ የቀኙን አጠፋሁት። የግራውን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ሳብኩት። አባቴ ፊት ያለ ጥላ ሳህን ነው ይል ነበር። በዚያ ብርሃን የሰውየው የወረደ ጎን ጨለማ ውስጥ ገባ፣ ደህናው ጎን ወጣ፤ ሰው መሰለ። ይህን ያደረግኩት ላስውበው ብዬ አይደለም። ብድር ሲመለስ ማን እንደመለሰው ካልታወቀ አልተመለሰም። ማን እንደያዘው እንዲያውቅ ፈለግኩ።

መብራቱን ቀና ብሎ አየው። ብዙ ጊዜ አየው።

«ይህን መብራት ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ከንፈሩ ግማሹ ስለማይታዘዝለት ቃላቱ ይንሸራተቱበታል።

«አባቴ።»

«ጉግሳ ነበር እንዲህ የሚያደርገው። ከዚራ።»

ያንን ስም እናቴ ከሞተች ወዲህ ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም። ልጁ ነኝ አልኩት። ይደነግጣል፣ ይለምነኛል፣ ቢያንስ ከዘራውን ይጥላል ብዬ ነበር። ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ እንጂ ምንም አልሆነም።

«ትመስዪዋለሽ» አለኝ። «አሥራ አንድ ቀን ፊቱን ስሠራ ነው የከረምኩት። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ በቀኙ።»

ጠባሳውን ረስቼው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ፊት ላለመርሳት በየቀኑ ስታገል ኖሬ ጠባሳውን ረስቼዋለሁ። የቀረው ይህ ሰውዬ ዘንድ ብቻ ነው። ከዚያን ጊዜ የበለጠ ጠልቼው አላውቅም። ክፍሉ እየተቀዳ መሆኑንም ረሳሁና ያዘጋጀሁትን ሁሉ አወረድኩበት፤ ስለ አልጋው፣ ስለ ክፈፉ፣ ስለ ዘንባባው ነገርኩት። በመጨረሻ የጥላውን ነገር አነሣሁ። ጠዋት በሁለት ሰዓት የሰው ጥላ ወደ ምሥራቅ እንደማይወድቅ ሕፃን ያውቃል፣ እርስዎ ግን ለአንድ ሰው ነፍስ ያችን ታህል እንኳ አልተጠነቀቁም አልኩት።

«አልተሳሳትኩም» አለ። «ጥላውን የሚጥለው ማሽኑ ራሱ ነው፤ መቼም ታውቂያለሽ። በትክክል ወደ ምዕራብ ጥሎት ነበር። እኔ በእጄ አዞርኩት። አርሞ መለሰብኝ። እንደገና አዞርኩት። ሦስተኛው ላይ ተወኝ።»

እውነት መሆኑን ለማወቅ ሥራዬ በቂ ነው። በዚያ ዘመንም ማሽኑ ጥላ አይሳሳትም ነበር፤ የተሳሳተ ጥላ ካለ የሰው እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህን በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። አንድም ቀን ወደዚያ አሳቤን አልመራሁትም እንጂ።

እምቢ ለማለት ወኔው አልነበረኝም አለ። ሥራውን ባይሠራ የራሱ ምስል ይሠረዝ ነበር፤ ልጁ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚህ ፊልሙን ላዘዙት ሰዎች ሠራላቸው፤ ጥላውን ግን ለሚያይ ሰው ተወው። ዳኛው ባያየው ከቤተሰቡ አንድ ሰው አያጣም ብሎ ነበር። የፎቶ ቤት ቤተሰብ ናቸው፣ ጥላ ያውቃሉ ብሎ ነበር።

«ያን ቀን ችሎት ነበርሽ?» አለኝ።

«ነበርኩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ።»

«አየሽው?»

አላየሁም ልለው እችል ነበር። መብራቱ እሱ ላይ እንጂ እኔ ላይ አልነበረም።

«አየሁት» አልኩት። «ሁለተኛ ጊዜ ሲያሳዩን።»

ደህናው ዓይኑ እኔ ላይ ቆየ።

«ታዲያ እኔ ለማን ብዬ ነው የተውኩት?» አለ። አልተቆጣም። መልሱን በእውነት ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

ዳኛው ፊልሙን ሦስት ጊዜ አሳይተው ምስሉን የሚቃወም አለ ወይ ብለው ነበር። ተከሳሽ ስለ ምስሉ እንዲናገር አይፈቀድለትም፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መነሣት ይችላል። ተነሥቶ ተቃውሞውን ካልተቀበሉት ግን የሱም ምስል አብሮ ይሠረዛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴም ጥላውን አይቶታል፤ እንዴት ላያየው ይችላል። ካለበት ዞሮ ወደኔ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ቀና ስል ፊቱን መልሶ ወደ ዳኛው አዙሮ ነበር። ቤት ከገባን በኋላ፣ ከዚያም በአሥራ አራት ወሩ ውስጥ፣ ስለዚያች ቅጽበት አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ባያየኝ ነው እያልኩ ኖርኩ።

ለልሳነወርቅ ይህን አልነገርኩትም። ካሜራውን አስተካከልኩና ቀጥ ብለው ይቀመጡ አልኩት። አነሣሁት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም፤ ብርሃኑ ልክ፣ ክፈፉ ልክ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ጥላው ባለበት የቆመ። ጥላውን መዝገቡ እንደማይቀበለው አውቃለሁ። የቀኙን መብራት አብርቼ ድጋሚ ላነሣው እችል ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ከዘራው ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። እንዳበራው አልጠየቀኝም።

ይቆይ ተጫንኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለአባቴ ነው ያደረግኳቸው። ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እምላለሁ። ሦስተኛው ለራሴ ነው። ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በከተማው ውስጥ በየበሩ እየገባ እየወጣ እንዲኖር አልፈለግኩም።

የቁልፉን ድምፅ ሰማ። ምን እንደሆነ ያውቃል። ተነሣና ወደ በሩ ሄደ፤ በሩ አልተከፈተም፤ ዞሮ ቆመ። ደንቡ እንደሚለው ሸኘሁት። የፎቶ ክፍሉን በር በኔ ፊት አስከፈትኩለት፣ የመተላለፊያውንም አስከፈትኩለት። ወይዘሮ ረምላ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ እኔን ብቻ አየችኝና ጥርት ያድርግሽ አለችኝ። አንቺንም አልኳት። የውጪውን በር አብረን ተሻገርን። «አንድ ሰው ወጥቷል» አለ በሩ።

ልጁ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ቆማ ነበር። ደረጃውን እስኪወርድ ክንዴን ያዘ፤ ከታች ሲደርስ ለቀቀኝና እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። ልጁ እየሮጠች መጣች። የሆነውን ሳትጠይቀኝ ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ፣ ሰላም እንኳ አላለችኝም። ይዛው ስትሄድ ከኋላቸው አላየሁም።

ተመልሼ ገባሁ። በሩ «እንኳን ደህና መጡ፣ ምንታምር» አለኝ። ሌላውን ሠራተኛ ሁሉ ከነአባቱ ስም ነው የሚጠራው፤ የኔ አባት ምስሉ የተሠረዘ ቀን ስሙም ከስሜ ላይ ተሠርዟል። ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ ሁለት ፊቶች ይጠብቁኝ ነበር።